በግራ በኩል የሚመጣ ስደት

ራሴን ማመም የጀመረኝ ስምንተኛ ክፍል ስማር ነው። የበሽታውን ስም ያወቅሁት ግን እዚሁ ሶዶ ስምንተኛ ክፍል ማስተማር ከጀመርኩ ከአሥራ ምናምን ዓመት በኋላ ነው። በመሃል ያለውን ጊዜ ከተማው በሙሉ ሐኪሜ ነበር። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ጨምቆ አጠጣኝ። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፣ ሌላው ሳይነስ ነው አለኝ፣ ሦስተኛው ላለመሳሳት ይመስለኛል ሁለቱንም አለኝ። መነጽር ቤቱ መነጽር ሰጠኝ። ከጉራጌ መጥቶ ሶዶ ላይ ጨርቅ ሲሸጥ ያረጀው አጎቴ ደግሞ አየት አደረገኝና “ባል ነው የሚያስፈልጋት” አለ። እሱንም ቢሆን የትኛው ፋርማሲ እንደሚገኝ አልነገረኝም።

ጠባዬ ጥሩ አይደለም፣ ይህን አስቀድሜ ልናገር። የአማርኛ መምህርት ነኝ፤ ቀይ እስክሪብቶ ከቦርሳዬ አይጠፋም። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ስሕተት ካየሁ አርሜ ነው የማልፈው። የዚህ ጠባዬ ዋና ተጠቂ የትምህርት ቤታችን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ጡረታቸው የቀረበ፣ ዝምተኛ፣ በሙቀትም ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። ማስታወቂያና ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። አንዳንድ ቀን ጽሑፋቸው ነቁጥ አይወጣለትም፤ አንዳንድ ቀን ግን የቃሉን መጨረሻ ይበሉታል። “ዛሬ የመምህራን ስብሰ ስላለ” ብለው ይለጥፋሉ። “የጠፋ ቁል ያገኘ ለቢሮ ያስረክብ” ብለው ይለጥፋሉ። እኔ በቀይ የጎደለውን ሞልቼ፣ ከጎኑ ከአሥር ስንት እንዳገኙ ጽፌ እሄዳለሁ። “ጅራት ቆራጩ” ብዬም ስም አወጣሁላቸው። መምህራኑ ስሙን ወደዱት፣ እኔም ቀልደኛ ነኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ወደ ራሴ ልመለስ። የእኔ ፈረቃ የከሰዓት ነበር፤ ክፍሉ ፊቱን ወደ ምዕራብ ያዞረ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ፀሐይ ሲሆን ይነዳል፣ ዝናብ ሲሆን ይደበድባል። ሕመሜ ሁለቱንም ይወዳል። መጀመሪያ ከግራ ዐይኔ ጥግ እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ ብርሃን እየተንቀጠቀጠ ይመጣል። ከዚያ የማየው ነገር ግማሹ ይጠፋል። በአንድ ወቅት ተሻጋሪ ግሥ እያስተማርኩ ቀና ስል በግራ በኩል የተቀመጡት ልጆች በሙሉ ጭንቅላት አልነበራቸውም። ጭንቅላት የሌለው አንዱ እጁን አውጥቶ “መምህርት፣ ልውጣ?” አለኝ። እኔ ቀድሜው ወጣሁ።

በአንድ ሴሚስተር እንዲህ ሦስት ጊዜ ከክፍል ወጣሁ። በሦስተኛው ዳይሬክተራችን ጠሩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን ራስ ምታት ሲባል የሚያውቁት በአንድ ኪኒን የሚሄደውን ነው። “መምህርት፣ አራተኛ ከተደገመ ከማስተማር ተነሥተሽ ንብረት ክፍል ትመደቢያለሽ” አሉኝ። ንብረት ክፍል ማለት ነፋሱ የወጣ ኳስና የተቀደደ ካርታ የሚቀመጥበት፣ መስኮት የሌለው ጎተራ ነው። እኔ ከማስተማር ሌላ የምችለው ነገር የለም። መማሪያ ክፍሌን ከወሰዱብኝ ምን እንደምሆን ሳስበው እውነቱን ለመናገር ፈራሁ።

ስለዚህ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣ ወርጄም በእግሬ አዝግሜ፣ ዱቦ አካባቢ ያለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ሄድኩ። ሐኪሙን አየሁት፣ አወቅሁት። ስምንተኛ ክፍል አስተምሬዋለሁ። እጅ ጽሑፉ ዶሮ የጫረችው ነበር፤ ያኔም ነግሬዋለሁ።

“መምህርት፣ ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዐይንዎ ላይ የሚመጣ ነገር አለ?” አለኝ።

በሃያ ምናምን ዓመት ይህን የጠየቀኝ የለም። ነገርኩት። የመጋዙን ጥርስ፣ ጭንቅላት የሌላቸውን ልጆች፣ እናቴም በሕይወት ሳለች ራሷን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ጨለማ ውስጥ ትተኛ እንደነበር፣ ሁሉን ነገርኩት። ሰምቶ ሰምቶ “ማይግሬን ነው” አለኝ። ለአንድ ቃል ይህን ያህል ዘመን መጠበቄ አናደደኝና አለቀስኩ።

እሱ ደግሞ በቅርቡ ሥልጠና ላይ ነበርኩ ብሎ ያጽናናኝ ጀመር። የነርቭ ስፔሻሊስቶች ተሰብስበው በዚህ በሽታ ሕክምና ምን እንደጎደለ ተጠይቀው ነበር አለኝ።

“ምን አሉ?”

“አብዛኛው ታማሚ በሽታው እንዳለበት አያውቅም አሉ። በሌላ በሽታ ስም ዓመት ሙሉ ይታከማል። ማስታገሻ በላይ በላዩ ይውጣል፤ ብዛቱ ራሱ ሌላ ራስ ምታት ያመጣበታል። አስቀድሞ የሚከላከለው መድኃኒት እንደ ልብ አይገኝም። ስፔሻሊስቱ ሩቅ ነው። መሥሪያ ቤት ደግሞ ሰበብ ነው ይላል።”

“ይህን ለማወቅ ነው የተሰበሰቡት? እኔን ሻይ ጋብዘው ቢጠይቁኝ ይበቃቸው ነበር።”

ሳቀ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ወደ ጠዋት ፈረቃ እንድዛወር፣ ሕመሙ ሲነሣ ትንሽ ጋደም የምልበት ጨለማ ክፍል እንዲሰጠኝ። ጽሑፉን አየሁት፤ ዶሮዋ አሁንም አለች። ግን ተማሪ መምህሩን አያርምም፣ መምህርትም ስትታመም ሐኪሟን አታርምም። በፖስታ እንደታሸገ ሰኞ ጠዋት ለመዝገብ ቤት አስረከብኩ። እዚያ ደግሞ የውጭ ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ከመጣ ወደ አማርኛ ተመልሶ ነው ለዳይሬክተሩ የሚቀርበው። የሚመልሱት ጅራት ቆራጩ ናቸው።

ማክሰኞ ሰው ሁሉ ደግ ሆነ። የሒሳብ መምህሩ፣ ሰላምታ የሚቆጥብ ሰው፣ እጄን በሁለት እጁ ይዞ “ጌታ መንገዱን ያቅናልሽ” አለኝ። የታመመ ሰውን እንዲህ ማለት አዲስ ነገር ነው ብዬ አመሰገንኩት። በመምህራኑ ቴሌግራም ግሩፕ የተጣመሩ እጆችና የአውሮፕላን ምልክት ተላከልኝ። አውሮፕላኑ ሪፈር ተብዬ አዲስ አበባ የምሄድ መስሏቸው ነው አልኩ።

ረቡዕ ከሥራ ስመለስ ጎረቤቴ በሬ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ናቸው፤ ልጃቸው ደቡብ አፍሪካ ነው። አማርኛቸው እንደ ብዙ የአገሩ ሰው አንቺንና አንተን ያቀላቅላል። በላስቲክ የተጠቀለለ ትልቅ ጠርሙስ ታቅፈዋል።

“ሳሮ፣ ልጄ። ዳጣ ነው” አሉኝ፣ በወላይትኛ ሰላም ብለው። “ለልጄ ነው። ጆበርግ ሱቅ አለው። ሰፈሩን አላውቅም፣ አንቺ ትጠይቃለህ።”

“እማማ፣ ጆበርግ ማን ሄዶ ነው የሚጠይቀው?”

ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ልክ ነው፣ አትንገሪኝ። እሱም አልነገረኝም። ሻንቶ ገበያ ደርሼ መጣሁ ብሎኝ ነው የወጣው። ከሄደ ይኸው ሰባት ዓመቱ።”

“እማማ፣ የትም አልሄድም። ራሴን ነው ያመመኝ።”

“ሁጴሽን? ያማል እንጂ። የመንገድ ሐሳብ ነው። እሱንም የዛን ሳምንት ሁጴውን አሞት ነበር።”

እዚህ አገር የሚሄድ ሰው እሄዳለሁ አይልም። መጨረሻው ቀን ድረስ ይክዳል፣ ከዚያ አንድ ጠዋት የለም። ስለዚህ አልሄድም ባልኩ ቁጥር መሄዴ እየጸና ሄደ። ሦስቴ ስክድ ጠርሙሱን እጄ ላይ አስቀምጠው፣ ግንባሬን ስመው ሄዱ።

ወዲያው የጸሎት ቡድኑ መጣ። በየሳምንቱ እየዞሩ የሚጸልዩ የሰፈር ሰዎች ናቸው፤ ስታመም ግን ቤቴ መጥተው አያውቁም። አንዷ ቆጮ ይዛለች፣ አንዷ ቅቤ፣ አንደኛው የጉዞ ቦርሳ። እንግዳ ነውና ቆጮውን አቀረብኩ፤ አንዱ ለመቅመስ የዳጣውን ጠርሙስ ከፈተው። ዳጣ የምወደው ነገር ነው፤ ራሴ ግን አይወደውም። ነጭ ሽንኩርቱና ሚጥሚጣው አፍንጫዬ ሲደርስ ከግራ ዐይኔ ጥግ መጋዙ ብቅ አለ።

ፊቴ ገርጥቶ መሰለኝ፣ ሁሉም ተነሥተው እጃቸውን ጫኑብኝ። የት? ጭንቅላቴ ላይ። አምስት ሰው፣ ባለ በሌለ ኃይሉ። “የሞያሌን መንገድ ጥረግላት” ይላል መሪው። “አሜን” ይላሉ፣ ጆሮዬ ሥር። “የጠረፍ ጠባቂዎችን ዐይን ያዝላት።” “አሜን።” “ዐይኔን ነው የያዘኝ” ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። “ዐይኗን ያዛት፣ መንፈስ እየሠራ ነው” አሉና የባሰ ጫኑ። አምልጬ መኝታ ቤት ገባሁና መጋረጃውን ዘግቼ ተኛሁ። ከሳሎን አንዷ በሹክሹክታ “ጨለማ ክፍል ገባች” ስትል ሰማሁ። ሌላዋ “መለማመድ አለባት” አለች። ለምን ጨለማ ክፍል መለማመድ እንዳለብኝ ያኔ አልገባኝም።

ተኝቼ ሳለሁ ግን ያንገበገበኝ ሕመሙ ብቻ አልነበረም። ሃያ ምናምን ዓመት ሳስመልስ፣ ሥራ ስቀር፣ ድግስ ስቀር፣ አንድ ሰው ቆጮ ይዞ አልመጣም። የምጠፋ ሲመስላቸው ቦርሳ ይዘው መጡ። ቅር አለኝ። በጣም ቅር አለኝ።

ሐሙስ የዘመኑ ድልድል ረቂቅ ተለጠፈ። ስሜ የለም። በእኔ ክፍል ላይ የሌላ መምህር ስም አለ። ከጠዋቱም ፈልጌ አጣሁት፣ ከከሰዓቱም አጣሁት፣ ንብረት ክፍል እንኳ የለሁም። ዳይሬክተሩ ቢሮ ሳላንኳኳ ገባሁ።

“ተቀመጪ” አሉኝ፣ እንደ ለቅሶ ቤት። “እህቴ ነሽ፣ አልወቅስሽም። ክፍት ቦታውን ግን መሙላት አለብኝ። ለመሆኑ በሕጋዊ ነው ወይስ...” አሉና ኮርኒሱን አዩ።

“ምኑ ነው ሕጋዊ? ራስ ምታት ነው ያልኩት እኮ።”

“ራስ ምታትማ እኔም አለብኝ። ማን ደብዳቤ ጻፈልኝ?” አሉና አንድ ወረቀት ገፋ አደረጉልኝ። የመዝገብ ቤቱ ማኅተም አለበት። እንዲህ ይላል፦

“ጉዳዩ፦ ስደትን ስለማሳወቅ። መምህርቷ ለረጅም ዓመታት በከባድ ስደት ውስጥ ይገኛል። ስደቱ በወር ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ የሚነሣ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በግራ በኩል ነው። ከመነሣቱ በፊት ብርሃን ይታያታል፣ ከተነሣ በኋላ ያስመልሳታል። ይህም ስደት ከእናቱ የወረሰችው ነው። ስለዚህ ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል እንዲዘጋጅለት፣ ከሰዓት በኋላም እንዳትመደብ እንጠይቃለን።”

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሳቄ መጣ፤ መሳቅ ራሴን ስለሚያመኝ ይዤው እንባ ሆኖ ወጣ።

“በወር ሦስት ጊዜ እንዴት ነው የምሰደደው?” አልኳቸው። “ማክሰኞ ሄጄ ሐሙስ ክፍል እገባለሁ?”

“እኔም ገርሞኛል። ደላላዎቹ የሚመልሱሽ መስሎኝ ነው።”

“በግራ በኩልስ?”

“ሞያሌ ይሆናል አልኩ። ጨለማው ክፍልም ደላላ የሚደብቅበት ዓይነት፣ እዚህ እንድትለምጂው...” ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ድምፅ ሆኖ ሲወጣ ለራሳቸውም አልጣማቸውም። ዋናው የሐኪም ደብዳቤ እንዲመጣ አዘዙ፤ ካልሆነ ግን ድልድሉ ነገ ይጸድቃል አሉ።

አርብ ጠዋት ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ መዝገብ ቤት ገባሁ። ልቤ ውስጥ የነበረውን ንግግር አልደግመውም፤ ተሻጋሪ ግሦች በዝተውበት ነበር። ዳይሬክተሩም ከኋላዬ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ጠረጴዛቸው በመስኮቱ ፊት ለፊት ነው፤ ፀሐይዋ ቀጥታ ወረቀቱ ላይ ታርፋለች። የሐኪሙን ደብዳቤ ከፋይል አወጡ።

“ጋሼ፣ ይህን ቃል ያንብቡልኝ” አልኩና ጣቴን አስቀመጥኩ።

ወረቀቱን ወደ ዐይናቸው አስጠጉት። አራቁት። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ጎን አዙረው፣ በዐይናቸው ጥግ እንደ መስረቅ አድርገው አዩት። “ማይግሬ...” አሉ። ቆሙ። “መምህር፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። የቃሉ ጅራት ዛሬም የለም። እንዲህ ሲሆንብኝ ከፊቱ ተነሥቼ ነው የምሞላው። ማይግሬ ብሎ የሚጀምር እዚህ አገር የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ ማይግሬሽን። በየስብሰባው የሚባለው እሱ ነው።”

ቀይ እስክሪብቶዬን ቦርሳዬ ውስጥ መለስኩት። ያ የአንገት አዟዟር የእኔ ነው። ጭንቅላት የሌላቸውን ልጆች ለማየት እኔም እንዲህ ነው የማደርገው።

“ጋሼ፣ ጅራቱ የጠፋበት ቦታ ላይ የሚንቀጠቀጥ ብርሃን አለ? እንደ መጋዝ ጥርስ የሆነ?”

ወረቀቱን ቀስ ብለው አስቀመጡት። “ማን ነገረህ?” አሉኝ። “ለሰው ተናግሬ አላውቅም እኮ።”

“ከዚያ ራስዎን ያምዎታል። በአንድ በኩል።”

“በቀኝ” አሉ። “ከወጣትነቴ ጀምሮ። ዐይን ነው ብዬ ሦስት መነጽር ቀየርኩ። ማስታገሻ እውጣለሁ፣ በቀን በቀን። መምህር በቀይ የሚያርም ቀን ሁሉ እሱ ያለበት ቀን ነው።”

ስሰድብ የምጠቀምባቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ይቅርታ ስል ግን አንድ ብቻ ነበር የመጣልኝ፣ እሱንም ጅራቱን ቆርጬ ነው ያወጣሁት። አፈርኩ። ስንት ዓመት ሙሉ የአንድን ሰው ሕመም ከአሥር እያረምኩ ሰሌዳ ላይ ሰቅያለሁ። ራሴን ሲያመኝ የማያምነኝ ሰው ሁሉ ላይ ስቆጣ የኖርኩ እኔ፣ ሁለት በር አልፎ የተቀመጠውን አላየሁትም።

የመስኮቱን መጋረጃ የዘጉት ዳይሬክተሩ ናቸው። ከዚያ ወደ ቢሯቸው ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ድልድሉ ሲጸድቅ ስሜ ከጠዋቱ ፈረቃ ላይ ነበር። ንብረት ክፍሉም ኳሶቹ ወጥተውለት ሁለት ፍራሽ ገባበት። በሩ ላይ “ጨለማ ክፍ” የሚል ተለጥፏል። አላረምኩትም።

ለጎረቤቴ እውነቱን ለማስረዳት አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አመኑኝ፤ ሲያምኑኝ ፊታቸው ወደቀ። ጠርሙሱን ልመልስላቸው ስል “እዚያው አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ የምር የሚሄድ ሰው እስኪገኝ” አሉኝ። ክዳኑን አጥብቄ አሽጌ ከአልጋዬ ሥር አስቀመጥኩት። አሁን ራሴን ሲያመኝ እየመጡ በሩን ቀስ ብለው ገርበብ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ዳጣ አይከፍቱም።

ድልድሉ በጸደቀ ማግስት፣ ቅዳሜ፣ ከመዝገብ ቤቱ ሰው ጋር ዱቦ ሄድን። ከሚኒባስ ወርደን በእግር ስንሄድ እሳቸው ከነኮታቸው፣ እኔ ከነባርኔጣዬ፣ ጥላ ወዳለበት ወዳለበት እየተሻገርን ነበር፤ ያየን ሰው ሰክረዋል ሳይለን አልቀረም። ሐኪሙ ብዙ ጠየቃቸው። የማስታገሻውን ብዛት ሲሰማ ደነገጠ። እየቀነሱ እንዲተዉት መከራቸው፣ የሕመሙን ቀን የሚመዘግቡበት ደብተር እንዲይዙ ነገራቸው። የሚከላከል መድኃኒት አንዱን ጻፈላቸው፤ የሚሻለው ሌላኛው ሶዶ ፋርማሲዎች ውስጥ የለም፣ ሲመጣ እደውላለሁ አላቸው። ስፔሻሊስቶቹ እንዳሉት መሆኑ ነው፣ ስብሰባ ሳያስፈልግ።

ልንወጣ ስንል ቆሙ። “ዶክተር፣ የበሽታው ስም በአማርኛ ፊደል ይጻፍልኝ” አሉት። ሐኪሙ እስክሪብቶውን ሲያነሣ “አንተ አትጽፍም” አልኩት፤ በዚያ እጅ ጽሑፍ ሌላ አገር መሰደድ አልፈለግሁም። ቦርሳዬ ውስጥ ያለኝ ቀዩ ብቻ ነው። ሰጠኋቸው።

አዲሱን ደብተር ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፊደል በፊደል እያልኳቸው ጻፉ። ማ። ይ። ግ። ሬ። ን። የዚያን ቀን ብርሃኑ ዐይናቸው ላይ አልነበረም፤ ግን ከ“ን” በኋላ ያለውን ባዶ ወረቀት ትክ ብለው አዩት።

“መምህር፣ ከዚህ በኋላ የጠፋብኝ ነገር አለ?”

“የለም፣ ጋሼ” አልኳቸው። “ሙሉ ነው። እዚህ ጋ ያልቃል።”